ለክሮም ተጠቃሚ የሳፋሪ መመሪያ ለምን ይወጣል?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄ የማወጣበት ድረ ገጽ አለኝ። አብዛኞቹ ከቴሌግራም ቻናሌ ነው የሚመጡት። ገጹን ስልካቸው ላይ እንደ አፕ እንዲያስቀምጡት አጭር መመሪያ አስገባሁ፤ አይፎን ለያዘ የሳፋሪውን፣ አንድሮይድ ለያዘ የክሮሙን እንዲያሳይ ብዬ። ግን አንድሮይድ የያዘው ሁሉ የሳፋሪው እየወጣለት ‹የቷ ቀስት?› ይለኛል። ሰርቨሩ ላይ በፒኤችፒ ባደርገው ይሻል ይሆን?»

እህቴ፣ የላክሽውን ኮድ አየሁት። ችግሩ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ ላይ ነው። «ዩዘር ኤጀንቱ (ብራውዘሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ) ውስጥ ሳፋሪ የሚል ቃል አለ?» ትያለሽ። አለ። ክሮምም ውስጥ አለ።

አንድሮይድ ላይ ያለ ክሮም ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚለውን በእኛ ፊደል ልጻፍልሽ፦ «ሞዚላ 5.0፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድ 10፣ ኬ፣ አፕል ዌብኪት 537.36፣ ኬኤችቲኤምኤል ላይክ ጌኮ፣ ክሮም፣ ሞባይል ሳፋሪ 537.36»። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የራሱ የብራውዘር ስም አንድ ብቻ ነው። አንድሮይድ 10 በሚለውም አትተማመኚበት፤ ስልኩ 14 ቢሆንም 10 ነው የሚለው። ኬ የምትለዋ የስልኩን ሞዴል ለመሸፈን የገባች ፊደል ናት።

ይህ ጉድ የመጣው ከ1990ዎቹ ነው፣ በፈረንጆቹ። ያኔ ራሱን «ሞዚላ» የሚለው ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ሌሎቹ የማይችሉትን ፍሬም (ገጽን ከፋፍሎ ማሳየት) ስለሚችል፣ ድረ ገጾች «ሞዚላ» ለሚል ብቻ ጥሩውን ገጽ መስጠት ጀመሩ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር መጣና «እኔም ሞዚላ ነኝ» አለ። ሳፋሪ «እንደ ጌኮ፣ እንደ ሞዚላው ሞተር ነኝ» አለ። ክሮም በ2008 ሲመጣ ሳፋሪ የሚለውንም ጨመረበት። የተጠራ ብቻ ይግባ በተባለ ሠርግ ቤት በር ላይ ሁሉም የሙሽራው ዘመድ ሲሆን ታውቂያለሽ አይደል? እንደዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉን ብታስተካክዪ፣ ማለትም ኤጅንና ኦፔራን አስቀድመሽ፣ ከዚያ ክሮምን፣ ሳፋሪን መጨረሻ ላይ ብትጠይቂ፣ ለጊዜው ይሠራልሻል። እኔ ግን ለአንድሮይዱ ወገን ስም መጠየቁን ጭራሽ ብትተዪው ይሻላል ባይ ነኝ። ክሮም፣ ኤጅና ሳምሰንግ ኢንተርኔት ገጽሽ የሚጫን መሆኑን ሲያረጋግጡ «ቢፎር ኢንስቶል ፕሮምፕት» የሚባል ኢቨንት (ለስክሪፕትሽ የሚደርስ ምልክት) ይልካሉ። እሱን ጠብቂ። ሲመጣ በ«ፕሪቬንት ዲፎልት» ያዢውና ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጪው፤ ከዚያ ተደብቆ የነበረውን «ስልክህ ላይ ጫን» የሚል በተን አውጪው። ተማሪው ሲነካው «ፕሮምፕት»ን ትጠሪያለሽ፤ የቀረውን ብራውዘሩ ይጨርሰዋል። መመሪያ የለ፣ ቀስት የለ። ገጹ እንደተከፈተ ራስሽ ልጥራው ካልሽ ግን እምቢ ይላል፤ የሰው ጣት ይፈልጋል። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ መከፈቱን፣ የማኒፌስት ፋይል (የአፑን ስምና አይከን የሚናገረው) መኖሩን፣ እዚያም ውስጥ ባለ 192 እና ባለ 512 ፒክስል አይከን መግባቱን አረጋግጪ። ብዙ ጊዜ ኢቨንቱ አልመጣም የሚባለው አይከኑ ተረስቶ ነው።

አይፎን ይህን ኢቨንት አያውቀውም። እዚያ ስም ማየት ግድ ነው፤ ግን የምትፈልጊው ቃል ሳፋሪ ሳይሆን «አይፎን» ይሁን። ከአይኦኤስ 16.4 ወዲህ በአይፎን ክሮምም ገጽ ወደ ሆም ስክሪን መጨመር ይቻላል። የሼር ምልክቷ ቦታ እንደ ብራውዘሩና እንደ ቨርዥኑ ስለሚለያይ «ከታች» ወይም «ከላይ» ብለሽ አትጻፊ። ከሳጥን ወደ ላይ የምትወጣዋን ቀስት በሥዕል አሳዪያቸው፣ ቀጥሎ «አድ ቱ ሆም ስክሪን» የሚለውን ስልኩ ላይ በሚያዩት በእንግሊዝኛው አስገቢላቸው። አይፓድ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ «ማክ ነኝ» ይላል። ማክ ብሎ «ማክስ ተች ፖይንትስ» (ስክሪኑ በአንዴ የሚቀበለው የጣት ብዛት) ከ1 በላይ ከሆነ አይፓድ ነው፤ ማክ ኮምፒውተር ስክሪኑ አይነካም።

ኦፔራ ሚኒን አትርሺ፤ ጥቅል የሚቆጥብ ተማሪ ይወደዋል። ከፍተኛው የቁጠባ ሞድ ላይ ሲሆን ገጹን የኦፔራ ሰርቨር አዘጋጅቶ፣ ጨምቆ ነው ወደ ስልኩ የሚልከው። ጃቫስክሪፕትሽም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ለአፍታ ይሮጥና ይቆማል። ስለዚህ በስክሪፕት የሚመጣ መልእክት ላይ አትመርኮዢ። ጥያቄዎቹ በተራ ሊንክ ይከፈቱ፣ የመጫኛው በተን ይቅርባቸው። «ክሮም ካልሆነ አይከፈትም» የሚል ነገር ግን በፍጹም እንዳታደርጊ። ልጁ የመጣው ለጥያቄው ነው።

ከቴሌግራም የሚመጡትን በስም መለየት አስተማማኝ አይደለም። ኢቨንቱም ያልመጣለት፣ አይፎንም ያልሆነ ጎብኚ ይህችን አንድ መስመር ይይ፦ «ቴሌግራም ውስጥ ከሆንክ ሦስቷን ነጥብ ነክተህ ገጹን በብራውዘር ክፈተው።» ይህን መስመር ኤችቲኤምኤሉ ላይ ቀድመሽ ጻፊው፤ የመጫኛው በተን ወይም የአይፎኑ መመሪያ ሲመጣ በስክሪፕት ይደበቅ።

ፒኤችፒውን ተዪው። ካሽ ፕለጊን (የተዘጋጀ ገጽ አስቀምጦ ደግሞ የሚልክ) ካለሽ መጀመሪያ የገባው ሰው ገጽ ተቀምጦ ለሌላውም ይላካል። አይፎን የያዘ ቀድሞ ከገባ ሁሉም የአይፎኑን ያያል። «ቫሪ» በሚባለው ሄደር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን የዩዘር ኤጀንቱ ዓይነት ስፍር ቁጥር ስለሌለው ካሹ ካለመኖር አይሻልም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ገጹን የጫነ ልጅ በየቀኑ «ጫን» እንዳይባል በሲኤስኤስ «ዲስፕሌይ ሞድ ስታንድአሎን» ሲሆን፣ ማለትም ገጹ እንደ አፕ ለብቻው ሲከፈት፣ መልእክቱን ደብቂው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ክሮምን «አይፎን ሁን» ብለሽ መሞከር ስሙን እንጂ ሞተሩን አይቀይረውም። ከመልቀቅሽ በፊት እውነተኛ አይፎን ከሰው ተውሰሽ ሞክሪው።