ከውጭ የሚገዛ ኤሌክትሮኒክስ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከውጭ አገር ስልክ፣ ላፕቶፕና ሌላ ዕቃ ገዝቶ ስለ መምጣት ጠይቃችሁኛል። በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ውጭ የገዛሁት ላፕቶፕ አገር ቤት ስሰካው ይቃጠላል?

በአብዛኛው አይቃጠልም። ቻርጀሩን ገልብጠህ እዚያ ደቃቅ ጽሑፍ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ የትም አገር ይሠራል። የሚያስፈልግህ የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስማማ ትንሽ አዳፕተር ብቻ ነው። 120 ቮልት ብቻ ካለ ወይም የጃፓን ዕቃ ሆኖ 100 ብቻ ካለ ግን 220 ላይ በቀጥታ እንዳትሰካው። አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ስንት ደህና ዕቃ ይበላሻል!

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፀጉር ማድረቂያ በትራንስፎርመር ብጠቀምስ?

ባትደክሚ ይሻላል። ማድረቂያው 1,800 ዋት የሚበላ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ከዚያ በላይ የሚችል መሆን አለበት። እሱ ደግሞ ከባድም ውድም ነው። በ220 የሚሠራ ግዢ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አይፎን በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ልይ?

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት፣ ሻጩ አጠገብህ ቆሞ እያለ፣ የራሱን አካውንት እንዲያወጣና ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ እንዲሰርዝ አድርግ። ከዚያ እንደ አዲስ አስነሳው። የሌላ ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ከጠየቀህ ተመለስ። «በኋላ እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭ አትመን፤ በሰው አካውንት የተቆለፈ ስልክ ጠጋኝ ቤት ወስደህ አታስከፍተውም።

ቀጥሎ *#06# ደውል። የሚመጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር (የእያንዳንዱ ስልክ መለያ ቁጥር) ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በቁጥሩ የተሰረቀ ወይም ዕዳው ያልተከፈለ መሆኑን ማጣራት ይቻላል። በየወሩ እየተከፈለ የተገዛ ስልክ ክፍያው ሲቋረጥ ከኔትወርክ ሊታገድ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆን። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ክፈትና «ኬሪየር ሎክ» የሚለውን ፈልግ። የሲም ገደብ የለውም ካለ ነፃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። የምትጠቀምበት ኔትወርክ ኢሲም መስጠቱን ሳታረጋግጥ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ቴሌቪዥንስ?

እኔ አልመክርም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የአየር ሥርጭት የሚቀበልበት ሥርዓት ኤቲኤስሲ ይባላል። አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ ዲቪቢ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በአንቴና ቻናል አይዝም። በኤችዲኤምአይ ዲኮደር ብታገናኘው ይሠራል፤ ግን ቮልቴጁንም ማየት አለብህ። በዚያ ላይ ስክሪኑ መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ማስቀየሪያው አዲስ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ ልክተት?

በጭራሽ! በእጅ የምትይዢው ቦርሳ ውስጥ ነው የሚገባው። የሊቲየም ባትሪ ዕቃ መጫኛው ውስጥ እሳት ቢያስነሳ ቶሎ የሚደርስለት ሰው የለም። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ከ100 እስከ 160 ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ዋት-ሰዓቱ ካልተጻፈበት የሚሊአምፔር-ሰዓቱን ቁጥር በ3.7 አባዢና ለ1,000 አካፍዪ። 20,000 የሚለው 74 ይሆናል፤ ያልፋል። ምንም ያልተጻፈበትን ግን ፍተሻ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የከፈልኩት ታክስ ይመለስልኛል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ለጎብኚ የሽያጭ ታክስ አይመልስም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ነዋሪ ላልሆነ ሰው ይመለሳል። ስትገዛ ፓስፖርትህን አሳይተህ ፎርሙን አስሞላ። ከኅብረቱ ስትወጣ ዕቃውንና ፎርሙን ለጉምሩክ አሳይተህ አረጋግጥ። ይህን የምታደርገው ሻንጣህን ከማስረከብህ በፊት ነው፤ ዕቃውን እንይ ካሉህ በእጅህ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ካርቶኑን ጥዬ ብገባ ቀረጥ ይቀርልኛል?

ካርቶን መጣል ዕቃውን ከቀረጥ ነፃ አያደርገውም። የአገርህን ገደብ ቀድመህ እይ፣ የሚበልጥ ከሆነ አስመዝግብ። ደረሰኙን ግን እንደ ፓስፖርትህ ጠብቀው። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምተው ቀራጩ ነው፣ ግምቱ ደግሞ ከከፈልከው ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዋስትናውስ?

ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። ዓለም አቀፍ ነው ካሉህ ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ በል።

ጥያቄ፦ የጀርመን ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ ያስቸግራል?

ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ምልክቶቹም ተዘዋውረዋል። ሴቲንግ ላይ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ይቻላል። ቁልፎቹ ላይ የታተመው ግን እንዳለ ይቀራል። ሳታይ የምትተይብ ከሆነ ግዛው።