«ሰምተህ ነበር?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ በኋላ አንዱ ተማሪዬ የጫማውን ክር እያሰረ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ያን ቀን ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ጓደኛውን ጎኑን በእርግጫ ብሎት ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ ብሎ ነበር። «ማስተር፣ ሰውየው እንዳበቃለት በምን አውቃለሁ? ሳልጎዳው በፊት ማለቴ ነው» አለኝ። «ስትለምድ ታውቀዋለህ» ብዬው መብራት ላጠፋ ሄድኩ። ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ እኮ ለምጄም አውቄም ነበር።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ገና ሳይነጋ ምሥራቅ ሐይቅ በሚሉት ሐይቅ ዳር አዛውንቶች ታይ ቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የቻይና ማርሻል አርት ይሠራሉ። ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ሻያቸውን በማርማላታ ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ ቅጠሉ ውስጡ ሲዋኝ ይታያል። አንድ ጠዋት በእጃቸው ጠሩኝና አንጓቸውን አንጓዬ ላይ አሳረፉ። ቱይ ሾው ይባላል፤ ሁለት ሰዎች ሳይማቱ፣ ክንድ ለክንድ ተነካክተው አንዱ የሌላውን ሚዛን የሚፈልግበት ልምምድ ነው። ጉልበቴን ተማምኜ ገፋኋቸው። የገፋሁት ነገር ግን እዚያ አልነበረም፤ የተቆለፈ መስሎት ክፍት በር በትከሻው እንደሚገፋ ሰው ተንደርድሬ ዛፉ ጋ ደረስኩ። «ሶንግ፣ ሶንግ» አሉኝ።

ይህችን ቃል ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። «ዘና በል» ብላት ትጎድላለች፤ የዛለ ክንድ ሶንግ አይደለም። ሕፃን ልጅ ጣታችሁን ጨብጧችሁ ያውቃል? ታኦ የሚባለው የቻይና ፍልስፍና አባት የሚሉት የጥንቱ ላኦ ዙ የሕፃን አጥንቱ ለስላሳ፣ ጅማቱ ልል ነው፣ ጭብጡ ግን ጽኑ ነው ይላል። ክንዳችሁ እንደዚያ ሲላላ ቆዳችሁ መስማት ይጀምራል። ቻይናዎቹም «ቲንግ» ነው የሚሉት፣ ማዳመጥ። የሌላው ክብደት ወደ ተረከዙ ሲሸሽ በመዳፋችሁ ይሰማችኋል። የጠጠረ ክንድ የሚሰማው የራሱን ጉልበት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አብሮኝ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ እሑድ ጠዋት አብሮኝ መጣ። ተማሪዎች ከበውን ነበር፣ ሴቶችም ነበሩ። ትንሽ እንደተገፋፋን ክንዱ መዳፌ ውስጥ ባዶ ሲሆን ተሰማኝ። ክብደቱ ተረከዙ ላይ ነው፤ አልቋል። ልምምዱ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። እኔ ግን በሁለት እጄ ጨመርኩለት። ወደ ኋላ ሄዶ የሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ በቀኝ እጁ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው። ንድፍ የሚያጠና ልጅ ነው፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አዛውንቱ የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው እጁን አሰሩለትና ደግፈው ወሰዱት። እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

በማግሥቱ ሄድኩ። አንጓቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው «ሰምተህ ነበር?» አሉኝ።

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ክንዳቸውን አነሡ። ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴውን ሁሉ አስተማሩኝ፣ ቱይ ሾው ግን ከእኔ ጋር አልሠሩም። ጓደኛዬ በዓመቱ ይቅር ብሎኛል። የሚያስቆጨኝ ያቺ «አልሰማሁም» ናት።

ታይ ቺ ከዉዳንግ ተራራ የታኦ መነኮሳት መጣ የሚለው አፈ ታሪክ ነው፤ ታሪክ አጥኚዎች ሥሩን የሚያገኙት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሄናን ውስጥ በቼን ቤተሰብ መንደር ነው። እኔ ዉዳንግንም ወጥቼ አይቻለሁ፤ ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል፣ ጉሙ ግን አይረሳም። ለማንኛውም ዝም ብላችሁ ተለማመዱ፣ ፍልስፍና ማንበብ ቡጢ አያሳምርም። እንዲህ ብዬም ደግሞ የሌላውን የጥንት የታኦ ፈላስፋ፣ የቹዋንግ ዙን፣ የሥጋ ቆራጭ ታሪክ አንብቡ እላችኋለሁ። ሰውየው በአንድ ቢላ 19 ዓመት በሬ ሲበልት ኖሯል፣ ስለቱ ግን ከሞረድ አሁን የተነሣ ይመስላል፤ ቢላውን የሚያስገባው በመገጣጠሚያው ክፍተት ነዋ። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው፦ ውስብስብ ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ይተክላል፣ እጁን ያዘገያል። እኔ እዚያች ቦታ ላይ ነው የፈጠንኩት። የታኦ ሰዎች ዉ ዌይ፣ ያለ ግድ መሥራት፣ የሚሉትን ብዙ ሰው ምንም አለመሥራት ያደርገዋል፤ ለእኔ ያን ቀን ሁለተኛውን ግፊት መተው ማለት ነበር።

እናንተ እርግጫውን ከቲክቶክ ታወጣላችሁ፣ ስፓሪንጉን ትቀርጻላችሁ፣ ልጁ ሲወድቅ ያለችውን ሰከንድ እየደጋገማችሁ ታያላችሁ። ያናድደኛል። ካሜራው ከመውደቁ በፊት ክንዱ የላላበትን አያሳይማ። የእኛ ጊዜ ስልክ አልነበረውም፣ ግን ያን እሑድ የከበቡኝ ዓይኖች ያው ናቸው።

ጫማውን ሲያስር ለጠየቀኝ ልጅ፦ ጥያቄህን የመለስኩት በችኮላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጓንትህን ቤት ትተህ ና፣ ጎኑን የመታኸውንም ጓደኛህን ይዘኸው ና። አንጓችሁን አገናኝታችሁ ቀስ ብላችሁ ትገፋፋላችሁ፣ እኔ አጠገባችሁ እቆማለሁ። የአንዳችሁ ክንድ ሲላላ እጄን አነሣና «ሰምተህ ነበር?» እላለሁ።