ወይኑ ጋን ውስጥ፣ ገበያው ሞስኮ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ በቀደም ሱፐርማርኬት ገብቼ የጆርጂያ ወይን አየሁና ገረመኝ። ጆርጂያ ተራራ በተራራ አይደለችም እንዴ? ብርድ አገር ወይን እንዴት ይበቅላል? ደግሞስ ሰዉ ከሱ ይጠቀማል ወይስ ለስሙ ያህል ነው? (እህታችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዘመዶቻችን አትላንታ ስለበዙ ጆርጂያ ሲባል ቶሎ የምትመጣብን የአሜሪካዋ ናት፣ የጠየቅሽው ግን ካውካሰስ ላይ ስላለችው፣ ቲቢሊሲ ዋና ከተማዋ ስለሆነችው ነው።

ተራራማ መሆኗ ልክ ነሽ፣ ወይኑ ግን ጫፉ ላይ አይደለም ያለው። አብዛኛው የሚበቅለው በምሥራቅ ካኬቲ በሚባለው ክልል፣ አላዛኒ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ በሰሜን ታላቁ ካውካሰስ ተገትሮ ከራሺያ በኩል የሚመጣውን ብርድ ይመክትላቸዋል፣ በዚህኛው በኩል ደግሞ የጎምቦሪ ተራሮች አሉ፣ ከላይ የሚቀልጠው በረዶ በወንዝ ወርዶ ሸለቆውን ያጠጣል። የሚያስቸግራቸው ከሰማይ የሚወርደው ጠጠሩ በረዶ ነው፣ ሊለቀም የደረሰ እርሻ በደቂቃዎች ያረግፋል፣ ለሱ ብለው ደመና ላይ ሮኬት ይተኩሳሉ፣ የምሬን ነው!

አጠማመቃቸውን ብታዪ ደግሞ የእናትሽ ጓዳ ነው የሚመስልሽ። ክቬቭሪ የሚሉት እኛ ጋን የምንለውን ነው፣ እነሱ ግን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል። ውስጡን በሰም ይቀቡታል፣ ወይኑን ከነልጣጩ ከነዘሩ ጨምረው ይከድኑና አምስት ስድስት ወር ይተዉታል፣ ነጩ ወይን እንዲህ ከርሞ ሲወጣ ቀለሙ ጠጅ ነው የሚመስለው። ትልልቁን ጋን ለማጠብ ሰው ራሱ ነው ውስጡ የሚገባው። ከአተላው ደግሞ ቻቻ የሚባል አረቄ ያወጣሉ። ዩኔስኮ ዘዴውን በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦላቸዋል፣ በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ከቲቢሊሲ በስተደቡብ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ 8000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ርዝራዥ አግኝቷል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ነው ነገሩ የሚከብደው። በ1985 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ በሶቪየት ኅብረት ሥር ሳለች የኅብረቱ መሪ ጎርባቾቭ መጠጥ ለማስቀነስ ዘመቻ ሲያስነሱ ስንት የወይን እርሻ ተነቀለ፣ ከዚያ በ2006 ራሺያ ፀረ ተባይ ተገኘበት ብላ ወይናቸውን ከለከለች፣ እነሱ ፖለቲካ ነው አሉ፣ ብቻ ከሚልኩት አብዛኛው ወደዚያ ስለነበር ገበሬው ወይኑን ታቅፎ ቀረ። ግድ ሲሆንባቸው ጥራቱን አስተካከሉ፣ ፖላንድና ቻይና ገበያ ፈለጉ። በ2013 ራሺያ በሩን ስትከፍት ግን ተመልሰው ገቡ፣ ከዚያም ወዲህ ከሚላከው ከግማሽ በላይ ወደዚያው የሄደባቸው ዓመታት አሉ። ለኔ ያስፈራል፣ አንዴ የተቃጠለ ሰው እንዴት እዚያው እሳት አጠገብ ይቀመጣል እላለሁ፣ ገበሬው ግን ገበያው ቅርብ ነው፣ ጣፋጩን ቀይ ወይን ይወዱልኛል ይልሻል። ሰዉ ይጠቀማል ወይ ላልሽው አዎ፣ በመስከረምና በጥቅምት ለቀማ ብዙ ቤተሰብ የዓመት ወጪውን የሚሸፍነው ከዚሁ ነው፣ ዋጋ ሲወድቅም መንግሥት ይደጉማቸዋል።

ሱፐርማርኬት ተመልሰሽ ከሄድሽ፣ ሳፔራቪ የሚል ካየሽ ቀዩ እሱ ነው፣ ከልጣጩ አልፎ ውስጡም ቀይ የሆነ ወይን። ክቬቭሪ የሚል ካልተጻፈበት ግን ምናልባት በብረት ታንከር የተሠራ ነው፣ አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ በጋኑ ሥዕል አትታለዪ።