አባትየው ከታች ተቀርጾ ለምን አላስፈራም?

“በፊልሜ ልጁን የሚያስፈራራውን አባት፣ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጬ ከታች ቀረጽኩት፤ ግን አፍንጫው ጎልቶ ያስቃል እንጂ አያስፈራም” ላልከው፦ በጣም ተጠግተህበታል። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ቦታ የሚያይ ስለሆነ ቅርቡ ያለውን አገጭና አፍንጫ ያገዝፋል፣ ግንባሩን ያሳንሳል።

1. ሦስት አራት ሜትር ራቅ በልና በዙም ሁለት እጥፍ አቅርበህ ቅረጽ።
2. ካሜራውን ከመሬት አንስተህ በወገቡ ልክ አድርገው፣ ትንሽ ብቻ ቀና ይበል።
3. ልጁን ከአባቱ ዓይን ከፍታ ወደ ታች ቅረጸው። ፍርሃቱን የምናገኘው እዚህ ሾት ላይ ነው፤ አባትየው የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ ከፊት ለፊቱ የሚያንስ ሰው ካላየን አናምንም።

ደግሞ ከታች የተቀረጸ ሁሉ ኃያል አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው “ሲቲዝን ኬን” ፊልም ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስና ካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ የስቱዲዮውን ወለል ቆፍረው ካሜራውን ያወረዱት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኬን ምርጫ ተሸንፎ ከጓደኛው ጋር ለሚጋጭበት ትዕይንት ነው። ሰውዬው ገዝፏል፣ ጣሪያው ግን ከላይ ተጭኖታል።

ስለ ጣሪያ ካነሳን አይቀር፦ እኔ አንዲት እናት ስታለቅስ ከታች ቀርጬ፣ ከራሷ በላይ የተንጠለጠለው አምፖል የተመልካቹን ዓይን ሁሉ ወሰደው። ትዕይንቱን ሙሉ ቀን ደግመን ቀረጽነው። “አክሽን” ከማለትህ በፊት ከአባትየው ራስ በላይ ያለውን እይ።