አይሁዳዊ አይተው የማያውቁት አጎቴ

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል ወረዳ የታሪክ መምህር ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ዳዊት ደጋሚ፣ ለሽምግልና የሚጠሩ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ስልክ ከላከላቸው ወዲህ ግን ማታ ማታ የሚያዩት ሁሉ «ዓለምን በስውር ስለሚገዙ አይሁዶች» ሆኗል። ማዳበሪያ ሲወደድ የእነርሱ ሥራ ነው፤ ኮሮናም የእነርሱ ሥራ ነበር። «ጋሼ፣ ማስረጃው የት አለ?» ስላቸው «ደብቀውት ነዋ!» ይሉኛል። በዕድሜያቸው አንድም አይሁዳዊ አላዩም። አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ያምናል? ደግሞስ ለምን ሁልጊዜ አይሁዶች?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የአጎትዎን አስተዋይነት አልጠራጠርም፤ ችግሩ የማስተዋል ማነስ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው በቀለለ ነበር። ባሕር ከመሻገራችን በፊት ለሁለታችንም ቅርብ ከሆነው ልነሣ።

ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው። የመንደሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ ቤቱ ከሌላው ሰው ቤት ፈንጠር ብሎ፣ ወንዙ ዳር ነበር። እኛ ልጆች ወናፉ ሲነፋ፣ የጋለው ብረት በጉጠት ተይዞ ሲቀጠቀጥ ለማየት እንጓጓ ነበር፤ እናቴ ግን ክታብ በአንገቱ ያላሰረ ልጅ ወደዚያ እንዲሄድ አትፈቅድም። ሰውየው የድካሙን እህል ሊቀበል ወደ ቤታችን ሲመጣ ታናሽ እህቴ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የተናጠው ቅቤም ይከደናል። ልጅ ሆዱን ሲነፋውና ሲያቃዠው ደግሞ «ቡዳ በላው» ተብሎ ይታጠናል፤ እስኪለፈልፍም ድረስ «ማን በላህ?» እየተባለ ይጠየቃል። የሚለፈልፈው ስም ልጁ ሳይታመም በፊት ምድጃ ዙሪያ በሹክሹክታ ሲነሣ የሰማው ስም ነው። ከዚያ በኋላ «ራሱ ተናገረ እኮ» ይባላል፤ ክርክሩም ያበቃል።

ጥያቄዎ ውስጥ ያለው ነገር በአብዛኛው እዚህች ጎጆ ውስጥ አለ። መከራ ባለቤት ይፈለግለታል፤ የሚገኘውም ባለቤት ከእኛ ጋር የሚኖር፣ ያለ እርሱ ማረስ የማንችል፣ ግን ከእኛ ጋር የማይበላ ሰው ነው።

ይህ ሰው እንዴት ተለየ? የጎንደር አካባቢን ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ታሪክ እርስዎ እንደሚያስተምሩት እገምታለሁ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸው ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው ከእጁ በቀር የሚተዳደርበት የለውምና ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ። አፈርና ብረት በእሳት ሲለውጥ ያየው ባለርስት ደግሞ ይህ እጅ ምትሃት አለበት፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል አለ። ክርስቲያን የሆኑት ጠይቦችም «ቡዳ» ከሚለው ስም አላመለጡም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በእጅ ሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ስሙ ግን ከዐዋጁ በኋላም፣ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ከሄዱም በኋላ፣ በየመንደሩ ቀርቷል። ስለዚህ የአጎትዎ አይሁዳዊ አለማየት አያስደንቅ፤ ወሬው የሚነገርበት ሰው በአካባቢው መኖሩ ለወሬው ዕድሜ ግድ አይደለም።

በአውሮፓም የሆነው በአካሄዱ ተመሳሳይ ነው። በመካከለኛው ዘመን በብዙ ቦታ አይሁዶች መሬት እንዳይዙና በእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያኖች በወለድ እንዳያበድሩ ስለምታወግዝ ከአይሁዶቹ አንዳንዶቹ ወደ አበዳሪነት ተገፉ፤ ተበዳሪም አበዳሪውን መጥላቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1348 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጥቁር ሞት የተባለው ታላቁ ወረርሽኝ ሲገባ «የውኃ ጉድጓድ የመረዙት አይሁዶች ናቸው» ተባለ። በጄኔቫ ሐይቅ አካባቢ የተያዙት በሥቃይ ብዛት «አዎን፣ መርዘናል» አሉ፤ ልክ እንደታጠነው ልጅ የሚጠበቅባቸውን ተናገሩ፤ ቃላቸውም ከከተማ ወደ ከተማ በደብዳቤ ተላከ። በየካቲት 1349 በስትራስቡርግ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጳጳሱ ቀሌምንጦስ ስድስተኛ በሽታው አይሁዶችንም እንደሚገድልና አይሁዶች በሌሉበት አገርም እንደገባ በመጥቀስ ክሱን ተቃውመው ነበር፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነው። የበሽታው ባክቴሪያ የታወቀው በ1894 ነው።

አሁን በአጎትዎ ስልክ ላይ ወደሚታየው ልምጣ። የዚያ ወሬ እናት «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው ጽሑፍ ነው። በ1903 በሩሲያ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የአይሁድ መሪዎች ዓለምን ለመግዛት የመከሩበት ቃለ ጉባኤ ነው ተባለለት። በ1921 ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ሐሰትነቱን ገለጠ፦ ብዙዎቹ አንቀጾች የተገለበጡት ሞሪስ ጆሊ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ በ1864 የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመንቀፍ ከጻፈው መጽሐፍ ነበር። ጆሊ ስለ አይሁድ ሤራ አንድም ነገር አልጻፈም። ለንጉሠ ነገሥቱ የታሰበውን ነቀፋ ወደ አይሁዶች ማዞር ብቻ በቂ ሆነ። «ለምን ሁልጊዜ አይሁዶች?» ላሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ልብሱ አስቀድሞ ተሰፍቶ የተቀመጠ ነውና አዲስ መከራ በመጣ ቁጥር ማልበስ ብቻ ይቀራል። ጋዜጣው ሐሰትነቱን ካጋለጠ በኋላ እንኳ የናዚ መንግሥት ጽሑፉን ለቅስቀሳ ተጠቅሞበታል፤ ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ከተጨፈጨፉ በኋላም መታተሙ አልቆመም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላው ንቀት ብዙውን ጊዜ ወደታች ብቻ ያያል፤ የተናቀው ሰው ሰነፍ ነው፣ ደንቆሮ ነው ይባላል። ቡዳ የሚባለውና በሤራ ወሬ ውስጥ ያለው አይሁዳዊ ግን በአንድ ጊዜ ይናቃልም ይፈራልም፤ ከእኛ በታች ሆኖ ሳለ በድብቅ ከእኛ በላይ ነው ይባላል። ይህ ዓይነቱ ጥላቻ የተለየ አደጋ አለው፤ የሚገድለው ሰው ራሱን አጥቂ ሳይሆን ተከላካይ አድርጎ ያያልና። በ2018 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች የገደለው ሰው አይሁዶች ስደተኛ እያስገቡ ወገኖቼን ሊያስጨርሱ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ይህን ማመን የሚያቀልለው ምንድን ነው? ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ነገሩ ከእጃቸው እንደወጣ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች በብዥታ ብቻ በተሞላ ሥዕል ውስጥ የሌለ ቅርጽ አይተዋል፤ ተራ በሆነ አጋጣሚም ሤራ አግኝተዋል። ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ ሁልጊዜ እኩል አልጠነከረም፤ ሆኖም ዝናብ፣ የማዳበሪያ ዋጋና የመንገድ ሰላም አንዱም በእጁ ላልሆነ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም። ከዚህ በፊት ደግሞ በ1977 ሊን ሃሸርና ባልደረቦቿ ሰው ደጋግሞ የሰማውን ዐረፍተ ነገር አዲስ ከሚሰማው ይልቅ እውነት ብሎ ለመቀበል እንደሚቀርብ አሳይተዋል። ስልኩ አንዱን ቪዲዮ ያየ ሰው ዐሥሩን እንዲያይ የሚያቀርብ መሆኑን እርስዎ ያውቁታል።

«እውነተኛ ሤራስ የለምን?» ቢሉዎት አለ ይበሏቸው። በአሜሪካ አላባማ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ቂጥኝ የያዛቸውን ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ገበሬዎች ከ1932 እስከ 1972 መድኃኒት እያለ ሳያክም ተከታትሏል። የተጋለጠው ግን በሰነድና በጋዜጠኛ ነው፤ የሠሩት ሰዎች፣ ቦታውና ዘመኑም ይታወቃሉ። ማስረጃ አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ የሚሆንበት ክስ ከዚህ የተለየ ነው፤ እንዲህ ያለውን ክስ በሽምግልና ቢያቀርቡላቸው አጎትዎ ራሳቸው የሚቀበሉት አይመስለኝም።

ስለዚህ በሰው ፊት አይሟገቷቸው፤ ስልኩንም አይንጠቁ፤ የተከበረ ሽማግሌ በጎረቤት ፊት ከተሸነፈ ቃሉን ከመለወጥ ይልቅ ያጠነክረዋል። ባዶ ቦታ ትተው የወሬውን ምክንያት ብቻ አይንቀሉ፣ ሌላ ይተኩለት፦ ማዳበሪያ በ2022 የተወደደው የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ በመናሩና ከትልልቆቹ ሻጮች አንዷ ሩሲያ ጦርነት ውስጥ በመግባቷ ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ማዳበሪያዋን የምትገዛው ከውጭ ነው። ይህም የሰው ሥራ ነው፣ ግን ስምና ቀን አለው። ዳዊት ደግመው ሲጨርሱም፣ ነገሩን እንደ ፈተና ሳያስመስሉ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ማረሻቸውን ማን ይሠራላቸው እንደነበር፣ በዚያም ቤት እህል ቀምሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቋቸው።