ብድሩ ወይስ ኮስት ሼሪንጉ? ለልደታዋ እናት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልደታ ነው የምኖረው። ሜክሲኮ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እየሠራሁ ሁለት ልጆች ለብቻዬ አሳድጋለሁ። ትልቋ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋ ክፍለ ሀገር ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ሐሳቧ ነርስ መሆን ነው። እኔ ግን ከዓይኔ እንዳትርቅብኝ ብዬ እዚሁ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ጠየቅሁ። በዓመት 50,000 ብር፣ ለ4 ዓመት 200,000 ብር አሉኝ። የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘቡን በአንዴ ሊሰጠኝ ፈቅዷል፤ በየወሩ 4,860 ብር ለ5 ዓመት እከፍላለሁ። እጄ ላይ የሚደርሰው 12,000 ብር ገደማ ነው። ተመርቃ ታግዘኛለች ብዬ ልድፈር? የዩኒቨርሲቲውም ኮስት ሼሪንግ (ተማሪዋ ኋላ የምትከፍለው የወጪ መጋራት) ያው ዕዳ ነው ይሉኛል፤ ታዲያ በምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ብድሩን አይውሰዱ፤ ልጅዎን ወደተመደበችበት ይላኳት። ምክንያቴን ደግሞ በብር ቆጥሬ ላሳይዎ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ልጅዎ ነገ ተመርቃ በዚህ ደመወዝ ተቀጠረች እንበል። የገቢ ግብር 2,100 ብር ይቆረጣል፤ የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ 805 ብር ነው። የሚተርፋት 8,595 ብር ይሆናል። ኮስት ሼሪንግ ካለባት ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ ይያዛል፤ 1,150 ብር ማለት ነው። 7,445 ብር ይዛ ቤቷ ትገባለች። የተረኝነት ክፍያ ይጨመርበታል፤ ሥራ ከያዙ በኋላ በግል ክሊኒክ ፓርት ታይም የሚሠሩ ነርሶችም ብዙ ናቸው። እኔ ግን ልጅቷ ገና በእጇ ባልያዘችው ገንዘብ ላይ ተመሥርተው እንዲበደሩ አልፈልግም።

አሁን ብድሩን እንየው። 4,860 ብር ለ60 ወር 291,600 ብር ነው። ኮሌጁ ገንዘቡን በየዓመቱ እየከፋፈለ ነው የሚቀበለው፤ ማኅበሩ ግን በመላው 200,000 ላይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ለአራተኛው ዓመት የሚሆነው 50,000 ብር ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ወለድ ይከፈልበታል። ልጅዎ በተመረቀችበት ቀን እርስዎ 233,280 ብር ከፍለው ገና አንድ ዓመት ይቀርዎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤትዎ የሚተዳደረው በቀሪው 7,140 ብር ነው፤ ትንሹ ልጅዎም የሚበላውና የሚማረው በዚያው ነው።

በምን ይሻላል ላሉኝ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የወጪ መጋራት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን፣ ክፍያውንም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲጀምር ተደርጎ ነው የተደነገገው። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ የለም። ልጅቷ ተመርቃ አንድ ዓመት ሥራ ብታጣ ይህ ዕዳ ይጠብቃታል፤ የማኅበሩ ዕዳ ግን የእርስዎን ደመወዝ በየወሩ ይቆርጣል፣ ልጅዎ ሥራ ያዘች አልያዘች አይጠይቅም። ሁለቱም ዕዳ ተብለው ቢጠሩም አንዱ የልጅቷ ነው፣ ሌላው የእርስዎ ጉሮሮ ላይ ነው።

ሥራ ማጣቱን የማነሳው ላስፈራራዎ አይደለም። ከመንግሥት ሆስፒታል ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ የግል ክሊኒክ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ እቀመጣለሁ። ለአንድ የነርስ ቦታ የሚመጣውን የማመልከቻ ክምር ሳይ ልቤ ያዝናል፤ ጎበዞች ናቸው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው ለወራት የተቀመጡ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ልጅዎን ይዘው አራት ኪሎ ይሂዱና የሥራ ማስታወቂያ ከሚያነቡት ወጣቶች ጋር አብረው ይቁሙ። ለነርስ ከወጡት ውስጥ ስንቱ «ዜሮ ዓመት» እንደሚል፣ ስንቱ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ እንደሚጠይቅ ቆጥራ ትጻፍ። የላቦራቶሪውን፣ የራዲዮግራፊውን፣ የአንስቴዥያውንም እንደዚሁ። የጤና ዘርፍ ሁሉ አንድ ገበያ የለውም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲፓርትመንት የምትመርጥበት ቀን ሲመጣ ይህ ወረቀት ይጠቅማታል። ምድቡ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷንም ስለሚያይ፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራ ትበርታ።

ፈተናዎቹንም አይርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጤና ባለሙያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና አልፎ ፈቃድ ካላወጣ በሽተኛ አይነካም። የግል ኮሌጆች ውስጥ ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ፣ አብሬያቸው የሠራሁ ጠንካራ ነርሶችም ከእነሱ ወጥተዋል። ሐሳብዎ ከጸና ግን አንድ ብር ሳይከፍሉ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ይጠይቁ፤ ኮሌጁ ዕውቅና አለው መባሉ አይበቃም፣ የነርሲንጉ ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የሚወጡበትን ሆስፒታልም ይጠይቁ። ነርስነት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው የሚማሩት ሙያ ነው፤ ይህን አድበስብሶ የሚያልፍ ኮሌጅ ልጅዎን አይመጥናትም።

ከዓይኔ እንዳትርቅ ያሉት ከሁሉ በላይ ገብቶኛል። እናት ሆኖ በዚህ ዘመን ልጅን ክፍለ ሀገር መላክ ቀላል ነገር አይደለም። ስጋትዎ የመንገዱና የአካባቢው ሰላም ከሆነ፣ እዚያ ልጆቻቸው የሚማሩ ወላጆችን ፈልገው በቀጥታ ያነጋግሩ፤ መልሳቸው ካላሳመነዎ ልጅቷን አይላኩ፣ ለደኅንነቷ ሲሉ የኔን ሒሳብ ይተዉት። ስጋቱ ናፍቆት ከሆነ ግን 200,000 ብር አይበደሩበት። ለማኅበሩ ሊከፍሉት ካሰቡት 4,860 ብር ላይ ግማሹን ለኪስ፣ ለመጓጓዣና ለስልክ ቢልኩላት፣ ግማሹን በስምዎ ቢቆጥቡ፣ ስትመረቅ ሥራ እስክታገኝ የምትተነፍስበት ገንዘብ ይኖራችኋል። በዚያ ሰዓት ያገኘችውን ሥራ ሁሉ እንድትይዝ አትገደድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ የወጪ መጋራት ውሉን በየዓመቱ ነው የምትፈርመው። በፈረመች ቁጥር ኮፒውን ትያዝ፣ እርስዎም ቤት አንድ ያስቀምጡ። የተጻፈው ብር ከተጠቀመችበት ጋር መግጠሙን ትይ፤ ካፌ ሳትበላ የምግብ ወጪ ተጽፎባት ከሆነ እዚያው ሬጅስትራር ሄዳ ታስተካክል። ሥራ ስትይዝም አሠሪዋ ከደመወዟ የቆረጠውን ለገቢዎች ማስገባቱን በደረሰኝ ትከታተል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷን ለማስወጣት ስትሄድ የሚጠይቋት ይህንኑ ማስረጃ ነው።