ሬሳውን ፖሊስ ያውቀዋል፣ ኑሮዋን ጎረቤት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ጎረቤታሞች የአንዲት አሮጊት ጎረቤታቸውን ገዳይ የሚያፈላልጉበት ልብወለድ እየጻፍሽ ነው። ረቂቁን ያነበቡልሽ ሰዎች ግን «ፖሊስ እያለ እነዚህን ምን አገባቸው?» ብለውሻል። ገዳዩንም ገና መሃል ላይ ደርሰውበታል። እኔም እዚሁ ቦታ ላይ ሁለት ዓመት ተቸግሬያለሁ።

በመጀመሪያው ረቂቄ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ነበረች። የአስከሬን ምርመራ ውጤት ከዘመዷ ታገኛለች፣ የጣት አሻራ ታነጻጽራለች። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ይቺ ሴት ፖሊስ ናት እንጂ ጎረቤት አይደለችም» አለችኝ። አመመኝ፤ ግን እውነቷን ነበር። ሟቿ መስኮቷን በስንት ሰዓት እንደምትከፍት፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ የትኛው በሯ ሲዘጋ እንደሚጮህ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ያንቺም ሰዎች ከፖሊስ መብለጥ ያለባቸው በዚህ ነው።

እኔ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ላሳይሽ። ሟቿ በየማለዳው በረንዳዋ ላይ ያሉትን አበቦች ታጠጣለች። ማታ ተገደለች። ገዳዩ ጎህ ሲቀድ አበቦቹን አጥጥቶ ወደ ሥራው ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ዋለ። አንድ መንገደኛ ከበረንዳው ውሃ ሲንጠባጠብ አይቷል። አስከሬኑ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር የሞት ሰዓት ግምት እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቁርጥ ያለ ሰዓት መናገር አልቻለም። ፖሊስ የመንገደኛውን ቃል ይዞ «እስከ ጠዋት በሕይወት ነበረች» አለ፤ ገዳዩም ቀኑን ሰው መሃል ስለዋለ ከጥርጣሬ ወጣ።

መምህርቷ ግን ቁልቋሉን አየች። ከሥሩ ያለው ሳህን ውሃ አቁሯል። ሟቿ ቁልቋሉን ከስንት አንዴ ነበር የምታጠጣው። «ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል» እያለች ሰው እንዳይነካባት ትቆጣ ነበር። ያን ቀን ያጠጣችው እሷ አይደለችም!

እዚህ ላይ ፖሊሱን ሞኝ አላደረግኩትም። በያዘው መረጃ በትክክል ነው ያሰበው። ሴትየዋን ግን አያውቃትም። መምህርቷም ሳህኑን አልነካችም፤ ደውላ ጠራችው። ማስረጃ እያነሱ ቦርሳ ውስጥ የሚከቱ ገጸ ባሕርያት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ላይ እንደሚያበላሹት አንባቢ ያውቃል።

ገዳዩን ቶሎ ያወቁብሽ፣ ፍንጩን ብቻውን አቁመሽ ስላሳየሽ ይመስለኛል። እኔ የቁልቋሉን ቁጣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው ያስገባሁት፤ ሟቿ ከምታማርራቸው አምስት ነገሮች ሦስተኛው አድርጌ። ወዲያው ስለ ሙዚቃ ጩኸት የጦፈ ጭቅጭቅ ይነሳል። አንባቢ ጭቅጭቁን ይዞ ያልፋል። መደበቅ ግን ክልክል ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ልብወለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ሁለቱን እስከዛሬ አልለቃቸውም፤ ገዳዩ ገና በታሪኩ መጀመሪያ መነሳት አለበት፣ መርማሪውም ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መሸሸግ የለበትም።

ተጠርጣሪ አታብዢ። ከዘጠኝ ወደ አምስት ሳወርዳቸው ነው ታሪኩ የተነፈሰው።

ደግሞ እባክሽ ለሟቿ ሰው አስለቅሺላት። በእኔ ረቂቅ ሰዎቹ ፍንጭ ሲያሳድዱ አንድም ሰው አላዘነም ነበር። ሲገባኝ ደነገጥኩ። አንዲት ሴት ሞታለች እኮ! መምህርቷ አበቦቹን ወደ ራሷ በረንዳ ስትወስድ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ምን አገባቸው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልተነሳብኝም። ይወዷት ነበር፣ በቃ።

ልብስ ሰፊ እንደሆንሽ ጠቅሰሻል፤ ይሄ ትልቅ ሀብትሽ ነው። የወንጀል ልብወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቤት ሠርታለች፤ ስለ መርዝ ያላት እውቀት የመጣው ከዚያ ነው። አንቺ የክርና የመርፌ እውቀት አለሽ። ሟቿ ኮቷ ላይ ቁልፍ ስትተክል ክሩን ከሥር ጠምጥማ ታጠብቀው ነበር እንበል። ስትሞት በለበሰችው ኮት ላይ አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ ተሰፍቷል፣ ጥምጥም የለውም። ፖሊስ የሚያየው ቁልፍ ነው። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ግን ሌላ እጅ ታያለች። እሱን ምዕራፍ ላኪልኝና አነብልሻለሁ።